ጠብቶ ሳይቆይ እንደገና የሚጠባ ሕፃን፦ ወተት አንሶታል ወይስ አላነሰውም?

ሕፃኑ ጠብቶ ከተኛ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም፤ እንደገና እጁን እየጎረሰ፣ አፉን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ጡት ይፈልጋል። ጡትሽ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ሳምንት አልተወጠረም፤ ለስልሷል። አጠገብሽ ያለ ሰው «ወተትሽ አልበቃው ብሎ ነው መሰለኝ» ይልሻል። ብዙ እናቶች የዱቄት ወተት መበጥበጥ የሚጀምሩት በዚህ ሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳያስፈልግ። ወተት መብቃቱን ለማወቅ ዳይፐሩንና ሚዛኑን እዪ። የጡት መወጠር፣ የልጁ ለቅሶና ጡት ላይ የቆየበት ደቂቃ በቀላሉ ያሳስታሉ።

ቶሎ ቶሎ የሚጠባው ለምንድን ነው?

አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ከዚያም በላይ የሚጠባ ጤናማ ልጅ ብዙ ነው። ግን በየ2 ሰዓቱ ወይም በየ3 ሰዓቱ እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም። ቀን 3 ሰዓት ሙሉ የተኛው ልጅ ማታ ላይ ለበርካታ ሰዓታት በየሃያና በየሠላሳ ደቂቃው ሊጠባ፣ በመካከሉ ሊያለቅስ፣ ከዚያም ረጅም እንቅልፍ ሊወስደው ይችላል። ይህ የማታ ድግግሞሽ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው። በዚያ ሰዓት ጡቱ ባዶ የሆነ ቢመስልሽም ወተቱ አልቋል ማለት አይደለም። በጥቂት በጥቂቱ የሚወርደው ወተት እንዲያውም ስብ የበዛበት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ልጁ በአንድ ጊዜ የሚወስደው እንገር አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ትንሽ መስሎ ቢታይሽም ለዚያ ቀን የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ስለሚወርድ፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ በብዛት ይመጣል፤ ጡትም ያጋታል። ይህ የሚሆነው በሆርሞን ግፊት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የወተቱን መጠን የሚወስነው ከጡት የሚወጣው ነው። ወተት ጡት ውስጥ ሲጠራቀም የሚያመነጩት ሕዋሳት ሥራቸውን ይቀንሳሉ፤ ሲወጣላቸው ደግሞ ያፋጥናሉ። ስለዚህ ልጁ አሁን መጥባቱ የነገን ወተት ማዘዙ ነው። «ትንሽ ልታገሰው፣ ጡቴ እስኪሞላ ልጠብቅ» የሚለው ሐሳብ አሳቢነት ቢመስልም ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ሞልቶ የቆየ ጡት ማምረቱን ይቀንሳልና።

በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት፣ በ6ኛው ሳምንትና በ3 ወር አካባቢ ልጁ በድንገት ቀን ከሌሊት ጡት አልለቅም ሊል ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀን ይቆያል፣ አንዳንዴም ሳምንት ይጠጋል። በፈለገ ቁጥር ካጠባሽው ወተቱ ጨምሮ ነገሩ ይረጋጋል። በዚያው ሳምንት የዱቄት ወተት ከገባ ግን ጡትሽ የጨመረው ፍላጎት አይደርሰውም።

ሌላም የሚያረጋጋ ነገር አለ። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ በ1 ወሩ በቀን የሚወስደው ወተት በአማካይ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ነው፤ እስከ 6 ወሩም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ወር በጨመረ ቁጥር የእድገቱ ፍጥነት ስለሚቀንስ፣ ወተቱ በየወሩ እጥፍ መሆን አይጠበቅበትም።

የሚያሳስቱ ምልክቶች

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጡት ይለሰልሳል፣ ልብስ ላይ መንጠባጠቡም ይቀራል። ይህ የሚሆነው ጡትሽ ከልጁ ፍላጎት ጋር ስለተግባባ ነው። በፓምፕ ያለብሽው ወተት 30 ሚሊ ሊትር ብቻ መሆኑም ልጁ የሚያገኘውን አያሳይም፤ በደንብ የጎረሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከፓምፕ የተሻለ ያወጣል። በዚያ ላይ ልጁ ከጠባ በኋላ ስታልቢ የምታገኚው ትርፉን ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ጡጦ ነው። ጠብቶ የጨረሰ ልጅ ጡጦ ሲሰጡት 60 ሚሊ ሊትር ጭልጥ ማድረጉ «ርቦት ነበር» ያሰኛል። ነገር ግን የጨቅላ ላንቃ ሲነካ መጥባት በደመ ነፍስ ይመጣል፤ ከጡጦው ወተቱ ሳያቋርጥ ስለሚፈስ መዋጥ ግዱ ነው። የጠገበ ልጅም ይጠጣዋል። ሌሊት መንቃቱ፣ ማታ ማልቀሱ፣ ወይም ቀድሞ 40 ደቂቃ ይጠባ የነበረው ልጅ በ3 ወሩ በ7 ደቂቃ መጨረሱ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የወተት ማነስ ምልክት አይደሉም።

ዳይፐሩ ምን ይላል?

በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ 1፣ በ2ኛው 2፣ በ3ኛው 3 የረጠበ ዳይፐር ይጠበቃል። ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት 6 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከበድ ያለና ሽንቱ ነጣ ያለ መሆን አለበት። ዘመናዊ ዳይፐር እርጥበትን ውጦ ስለሚይዝ መርጠቡን መለየት ይከብዳል፤ ደረቅ ዳይፐር ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አፍስሺና ክብደቱን በእጅሽ ልመጂው። እርጥብ የምንለው ያን ያህል የከበደውን ነው።

ሰገራው በመጀመሪያ ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው። በ3ኛው ቀን ገደማ ወደ አረንጓዴ፣ በ5ኛው ቀን ወደ ቢጫ መዞር አለበት። ከዚያ ወዲያ በመጀመሪያው ወር በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ለስላሳና ፍሬ ፍሬ ያለው ቢጫ ሰገራ ጥሩ ምልክት ነው። በ5ኛው ቀን ሰገራው አሁንም ጥቁር ከሆነ ልጁ በቂ ወተት አላገኘም ማለት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ባለሙያ ይየው። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ዳይፐር ላይ የሸክላ ዱቄት የሚመስል ቀላ ያለ እድፍ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ከ4ኛው ቀን በኋላ ከታየ ግን የፈሳሽ ማነስን ያሳያል። ከ6 ሳምንት በኋላ አንዳንድ ልጆች ለቀናት ሳይጸዳዱ ይቆያሉ። ሰገራው ሲመጣ ለስላሳ ከሆነ፣ ሽንቱ ካልቀነሰና ክብደቱ ከጨመረ ችግር የለውም።

ሚዛኑስ?

ሁሉም ሕፃን ማለት ይቻላል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳል። 3,000 ግራም የተወለደ ልጅ እስከ 210 ግራም፣ ማለትም 7 በመቶ፣ ቢቀንስ አያስደነግጥም። ከዚያ ሲያልፍ አጠባቡ በባለሙያ መታየት አለበት፤ ወደ 10 በመቶ፣ ማለትም ወደ 300 ግራም ከተጠጋ ነገሩ አይዘገይም። እናትየዋ በምጥ ጊዜ ብዙ ግሉኮስ ወይም ሌላ ፈሳሽ በደም ሥር ከወሰደች፣ ልጁ ሲወለድ የተመዘነው ክብደት ከፊሉ ፈሳሽ ስለሆነ መቀነሱ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ይህን ለሚመዝነው ባለሙያ መንገር ይጠቅማል።

በ10ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል የትውልድ ክብደቱን ይመልሳል ተብሎ ይጠበቃል። ከዚያ እስከ 3 ወር በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም፣ በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ይጨምራል። ከ3 ወር በኋላ ጭማሪው ቀስ ይላል። ስትመዝኚው ራቁቱን፣ በአንድ ሚዛን፣ በሳምንት ከአንድ ጊዜ ሳታበዢ ይሁን። ባለሙያ ካላዘዘ በቀር በየቀኑ መመዘን ትርፉ ጭንቀት ነው፤ አንድ ሽንትና አንድ ሰገራ ብቻ ቁጥሩን በብዙ ግራም ያዛቡታል።

ዳይፐሩም ሚዛኑም ጥሩ ከሆኑ ወተትሽ በቂ ነው፤ በቀን 14 ጊዜ ቢጠባም። ክብደቱ በፍጥነት እየጨመረ፣ ሲጠባ እያነቀው፣ ጡቱን እየለቀቀ የሚጮህና አረፋ ያለው አረንጓዴ ሰገራ የሚያወጣ ልጅ ካለሽ ደግሞ ችግሩ የወተት መብዛት ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ወተት ለመጨመር ማለብ ነገሩን ያባብሰዋል። ጋደም ብለሽ እሱን ከላይ አድርገሽ ብታጠቢው ወተቱ በኃይል አይወርድበትም።

አጎራረሱን ማስተካከል

ጡት ላይ ረጅም ጊዜ ቆይቶ የማይጠግብ፣ ክብደቱም የማይጨምር ልጅ ሲኖር መጀመሪያ መታየት ያለበት አጎራረሱ ነው። ብዙ ጊዜ ወተቱ አለ፣ ነገር ግን አይወጣም። ሳይወጣ ሲቀር ደግሞ በቀናት ውስጥ በእርግጥ ይቀንሳል። ስለዚህ ፓምፕም ሆነ መድኃኒት ከመፈለግሽ በፊት እዚህ ላይ ጊዜ ውሰጂ።

ጀርባሽን ተደገፊ፣ ትከሻሽን ዘና አድርጊ። ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው እንጂ አንቺ ወደ እሱ አትጎንበሺ። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ፤ ሆዱ አካልሽን ይንካ። አንገቱ የተጠመዘዘ ልጅ መዋጥ ይቸግረዋል፤ ፊትሽን ወደ ትከሻሽ አዙረሽ ውሃ ለመዋጥ ብትሞክሪ ትረጂዋለሽ። መዳፍሽን በትከሻዎቹ መካከል አድርገሽ ጣቶችሽ ከጆሮው ሥር አንገቱን ይደግፉ። ማጅራቱን ከላይ አትግፊው፤ ጭንቅላቱ ሲገፋ ልጁ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ እናትም «ጡቴን ጠላው» ብላ ታዝናለች።

አፍንጫው ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ ይሁን። በጫፉ የላይኛውን ከንፈሩን ነካ ነካ አድርጊና ጠብቂ። እንደሚያዛጋ ሰው አፉን እስኪከፍት መጠበቅ የግድ ነው፤ በከፊል የተከፈተ አፍ ጫፉን ብቻ ይይዛል። ሲከፍት ፈጠን ብለሽ አቅርቢው፣ አገጩ ቀድሞ ጡቱን ይንካ። በደንብ ከጎረሰ አገጩ ጡቱ ላይ ይለጠፋል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጉንጩ ይሞላል፤ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ቆዳም ከታችኛው ከንፈሩ ይልቅ ከላይኛው በኩል የበለጠ ይታያል። ጉንጩ ከተሰረጎደ፣ የመላስ ዓይነት «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ካለ፣ ወይም ሕመሙ ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አልፎ ከቀጠለ አልተያዘም። ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂውና እንደገና ሞክሪ፤ ዝም ብለሽ ከጎተትሽው ጫፉ ይቆስላል። ሲጨርስ ጫፉ ወደ አንድ ጎን ተዳፍጦ ወይም ነጥቶ ከወጣ ለሚቀጥለው ጊዜ ልጁን ይበልጥ ማቅረብ እንዳለብሽ ይነግርሻል።

ከዚያ አዳምጪ። ሲጀምር አጠባቡ አጭርና ፈጣን ነው፤ ወተቱ ሲወርድ ግን ረጅምና ጥልቅ ይሆናል፣ በአንድ ወይም በሁለት መሳብ አንዴ ይውጣል። ሲውጥ አገጩ ለአፍታ ቆም ይላል፣ ለስላሳ «ከህ» የሚል ትንፋሽም ይሰማል። ግማሽ ሰዓት ጡት ላይ ተኝቶ ሳይውጥ የሚስብ ልጅ ጠብቷል አይባልም፤ 10 ደቂቃ ሳያቋርጥ የዋጠ ልጅ ግን ጠብቷል።

መዋጡ ሲቀንስ ጡቱን ጭመቂለት። አውራ ጣትሽን በአንድ በኩል፣ አራቱን ጣቶች በሌላው በኩል፣ ከጫፉ ራቅ አድርገሽ ደረትሽ አጠገብ ያዢ። ልጁ እየሳበ የማይውጥ ሲሆን ሳያምሽ ተጫኚ፣ መዋጥ ሲጀምር እንደያዝሽ ቆዪ፣ ሲያቆም ልቀቂ፣ ቦታውንም እየቀየርሽ ድገሚ። ይህም መሥራቱን ሲተው ወደ ሌላው ጡት አዙሪው፤ ከዚያ ካስፈለገ ወደ መጀመሪያው ትመልሺዋለሽ። ለሚያንቀላፋ ልጅ ይህ መቀያየር እግሩን ከመኮርኮር የተሻለ ያነቃል።

ወተቱ በእርግጥ ካነሰ

ዳይፐሩ ከቀነሰ ወይም ክብደቱ ካልተመለሰ ሥራው ሦስት ነገር ነው፦ ልጁን ማብላት፣ ጡቱን ማለብ፣ ምክንያቱን መፈለግ። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው፤ የተራበ ልጅ ለመጥባትም አቅም የለውም።

ለ3 እና ለ4 ቀናት ሌላውን የቤት ሥራ ለሌላ ሰው ተዪው። ልጁን በዳይፐር ብቻ አድርገሽ ደረትሽ ላይ አኑሪው፤ ገላ ለገላ መነካካቱ ወተት የሚያወርደውን ኦክሲቶሲንን ያነሳሳል። ልጁ አፉን ሲከፍት፣ እጁን ሲልስ አጥቢው፤ ለቅሶ የመጨረሻው ምልክት ነው፣ እያለቀሰ ያለ ልጅ በደንብ አይጎርስም። በቀን ቢያንስ 10 ጊዜ ይጥባ። የትውልድ ክብደቱን እስኪመልስ ቀን ከ3 ሰዓት፣ ሌሊት ከ4 ሰዓት በላይ እንዲተኛ አትተዪው። የሌሊቱን አትዝለዪ፤ ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ፕሮላክቲን ሌሊት ከፍ ይላል። የእንጀራ እናት ጡጦም (ወተት የሌለበት ማጥቢያ) በእነዚህ ቀናት ይቅር፤ እያንዳንዱ መሳብ ጡት ላይ ይዋል።

ካጠባሽ በኋላ ሁለቱንም ጡት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እለቢ። በእጅ ከሆነ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከጫፉ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይቀመጡ፤ መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጣቶቹን አገናኚ፣ ልቀቂ። ቆዳውን አትሺው፣ ጫፉንም አትጎትቺው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጠብታ ብቻ ቢሰጡ አትተዪ፣ ዙሪያውን እየቀያየርሽ ቀጥዪ። በፓምፕ ከሆነ የጡት ጫፍሽ በቱቦው ውስጥ ሳይፋቅ ወደፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ አለበት፤ የጠበበ ወይም የሰፋ ቀፎ (ጡት ላይ የሚገጠመው የፓምፑ ክፍል) ያሳምማል፣ ወተቱንም ይቀንሳል። ፓምፕ ካለሽ በቀን አንድ ጊዜ ይህን ሞክሪ፦ 20 ደቂቃ እለቢ፣ 10 ዕረፊ፣ 10 እለቢ፣ 10 ዕረፊ፣ 10 እለቢ። ልጅ ማታ ደጋግሞ መጥባቱን የሚመስል አስተላለብ ነው። ውጤቱ በማግስቱ አይታይም፤ ጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም አንድ ሳምንት ይፈጃል። ማጥባቱ፣ ማለቡና ማብላቱ በአንድ ላይ ከ1 ሰዓት አይለፍ፤ ካለፈ አንቺም ልጁም ዕረፍት አታገኙም።

የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ልጁ ከጠጣበት የተረፈውን ከ2 ሰዓት በላይ አታቆዪ። ስታሞቂው ዕቃውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ ማይክሮዌቭ አንዱን ቦታ አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተዋል።

ተጨማሪ ወተት በባለሙያ ከታዘዘ መጀመሪያ ያለብሽው፣ ካልበቃ ለጨቅላ ሕፃን የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ይሰጣል። በትንሽ ስኒ ወይም በማንኪያ፣ ልጁ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ወተቱ ከንፈሩን እየነካ እሱ ራሱ እንዲልሰው አድርጊ እንጂ አፉ ውስጥ አታፍስሺ። ጡት ሳይጠባ የዱቄት ወተት በወሰደ ቁጥር አንቺ እለቢ፤ ካላለብሽ የዚያን ሰዓት ትእዛዝ ጡትሽ ሳይሰማው ያልፋል። ዱቄቱን ለመቆጠብ ብለሽ በውሃ አታቅጥኚ። ከ6 ወር በታች ላለ ልጅም ውሃ አይሰጥም፤ ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስቀራል፣ ሲበዛም የደሙን ጨው አውርዶ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ክብደቱ ከተስተካከለ በኋላ ከቀኑ ጠቅላላ ጭማሪ 50 ሚሊ ሊትር ቀንሺ፣ ጥቂት ቀናት ዳይፐሩንና ሚዛኑን ተከታተዪ፣ ደህና ከሆነ እንደገና 50 ቀንሺ። በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ልጁን ይጎዳል።

ሁሉን አድርገሽ ለውጥ ከሌለ ምክንያቱ ሌላ ነው። በልጁ በኩል የምላሱ መታሰር፣ ቀኑ ሳይደርስ መወለድ፣ ቢጫ መሆንና በዚያ የተነሳ እንቅልፍ መብዛት ይገኛሉ። በእናት በኩል የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ማህፀን ውስጥ መቅረት (ወተቱ በብዛት ሳይመጣ ደሙ የማይቆም ከሆነ ይህን ጠርጥሪ)፣ በወሊድ ብዙ ደም መፍሰስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የጡት ቀዶ ሕክምና፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ፣ ወይም ለጉንፋን የሚሰጠው ፕሱዶኤፌድሪን ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሴቶች ወተት የሚያመርተው ክፍል ከተፈጥሮው አነስተኛ ነው። ለእነዚህ እናቶች «ዝም ብለሽ አጥቢ፣ ይመጣል» ማለት በደል ነው፤ ምርመራና ከጡት ጋር የሚሄድ ተጨማሪ ወተት ይገባቸዋል። ዶምፔሪዶን የመሰሉ ወተት ጨማሪ መድኃኒቶች የልብ ምትን ሊያዛቡ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም አይወሰዱም። ውሃ ሲጠማሽ ጠጪ፤ ከዚያ በላይ መጠጣት ወተት አይጨምርም። ምግብ ግን አትቀንሺ።

በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና የሚያስኬደው ይህ ነው፦ ከመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በኋላ 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት አለመኖር፣ ለመጥባት ቀርቶ ለመንቃት እንኳ እምቢ ማለት፣ የአፉ መድረቅ፣ የእርግብግቢቱ መጎድጎድ፣ ቢጫው ወደ እግሩ መውረዱ፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ፈጣን ወይም የሚያቃስት አተነፋፈስ፣ ከ3 ወር በታች ለሆነ ልጅ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት። አንቺም ጡትሽ ቀልቶ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ ሂጂ፤ ከታመመው ጡት ማጥባቱን ግን አታቁሚ። ኀዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ልጁ ሲተኛ እንኳ እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ከ2 ሳምንት ካለፈም ለሐኪም ይነገራል፤ ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን አንድ ቀንም አታሳድሪ።

ወደ ባለሙያ ስትሄጂ የ24 ሰዓት መዝገብ ይዘሽ ሂጂ፦ ስንት ጊዜ ጠባ፣ ስንት እርጥብ፣ ስንት ሰገራና ቀለሙ፣ የተሰጠው ተጨማሪ ወተት ስንት ሚሊ ሊትር፣ እስከ ዛሬ የተመዘነው ክብደት ሁሉ ከነቀኑ። ልጁን ከመሄድሽ በፊት አታጥግቢው። ባለሙያው ከመጀመሪያው ጉርሻ እስኪለቅ ድረስ ሲጠባ ቁጭ ብሎ እንዲያይ፣ የምላሱንም ሥር በጣቱ እንዲመረምር ጠይቂ።